ሻህሩክ ካን ተዋናይ ነው ወይስ ሞገሱ ነው የሚሸከመው?

ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)
የህንዱ የፊልም ኮከብ ሻህሩክ ካን እጁን ዘርግቶ ሲቆም ሰው ሁሉ ቀልጦ ይቀራል። ግን ያ ፈገግታ፣ ያ የዓይን ጨዋታ በብዙ ፊልሞቹ ያው ነው። ታዲያ ይሄ ትወና ነው ወይስ ፈጣሪ የሰጠው ሞገስ? ሁለቱን የምንለይበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። ድራማ ክበብ ውስጥ መሪ ተዋናይ ስንመርጥም የሚያጣላን ይሄው ነገር ነው። «ስለምወደው ጎበዝ ነው» የሚል መልስ ግን ይቅርብኝ።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ወንድሜ፣ የምታየው በአማርኛ ትርጉም ከሆነ መጀመሪያ እሱን ተው። የምትሰማው የተርጓሚውን ድምፅ እንጂ የእሱን አይደለም። ትንፋሹን የት እንደቆረጠ፣ የትኛውን ቃል እንደዋጠ ሳትሰማ ግማሹን ሰውዬ ነው የምትመዝነው። ሂንዲው ባይገባህም በሂንዲው እየው።

ቀጥለህ ዘፈኑን እለፍና ዝም የሚልበትን ቦታ ፈልግ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ስዋዴስ» ፊልም ከአሜሪካ የመጣ የናሳ መሐንዲስ ነው፤ አገሩ ገብቶም የታሸገ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው። ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ቆም ሲል ትንሽ ልጅ በሸክላ ኩባያ ውሃ ይዞ በ25 ፓይሳ (በሩብ ሩፒ) ይሸጣል። ይገዛዋል፣ ይጠጣዋል። በቃ። እጅ መዘርጋት የለ፣ ፈገግታ የለ፤ ልጁን እያየ ዓይኑ ቀስ በቀስ ውሃ ይሞላል። ሞገስ ብቻ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ ወይ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ወይ ያምርበታል። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። ስለዚህ የእኔ መልስ፦ ተዋናይ ነው፤ ብዙ ዳይሬክተር ግን ትወናውን አይጠይቀውም።

ባለዓባይ (ደጀን)
በጣና ዳር እስማማለሁ፤ ግን ዝም ያለ ፊት ያታልላል። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የተዋናዩን የሞዡኪንን አንድ ፊት፣ ያንኑ ምስል፣ አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ጋር ቀጠለው። ተመልካቹ ረሃብ፣ ሐዘን፣ ፍላጎት አየሁ አለ። ፊቱ ግን ያው ነበር። ስለዚህ ኤዲተሩ የሠራውን ለተዋናዩ እንዳትቆጥርለት፣ ካሜራው ሳይቆረጥ 20 ወይም 30 ሰከንድ የቆየበትን ሾት ፈልግ። እዚያ ውስጥ ስሜቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ካየህ ሥራው የራሱ ነው።

ሌላው፣ ሲያዳምጥ እየው። ደካማ ተዋናይ ተራ ጠባቂ ነው፤ ጓደኛው ሳይጨርስ ትንፋሽ ስቦ ይዘጋጃል፣ መርዶውን ሳይሰማ ይደነግጣል።

ደግሞም ምስሉን ዘግተህ ስማ። መለኪያ ካስፈለገ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የነበረውን አስታውስ። መልክ የለ፣ ልብስ የለ፤ በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻም፣ ጉዱ ካሳም፣ ሰብለ ወንጌልም ይመጣሉ። የእኛው የጎጃም ታሪክ ስለሆነም አይደለም የማደንቀው፤ ጥበቡ ራሱን ችሎ ስለቆመ ነው።

እህተ ፍኖት (ፍኖተ ሰላም)
ሞገስን እንደ ማጭበርበሪያ የምታዩት ነገር አልተዋጠልኝም። ሻህሩክ ዴልሂ ውስጥ ቲያትር ሠርቶ፣ በቴሌቪዥን ድራማ አልፎ ነው ሲኒማ የገባው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ዳር» በተባለው ፊልም ላይ ያን የሚወደድ ፊቱን ገልብጦ ማስፈራሪያ አደረገው፤ የልጅቱን ስም ሲጠራ መንተባተቡ ብቻ ሰውነት ይወርራል። ሞገሱን እንደፈለገ መጠምዘዝ የቻለ ሰው ችሎታ የለውም አይባልም።

ችሎታ የጎደለው ሞገስ ማየት ከፈለጋችሁ የጎጃም ገበሬ የሚሆኑ መልከ መልካሞችን እዩ። ቁምጣው ትክክል፣ ኮንጎ ጫማው ትክክል። ዱላው ላይ ሲደርስ ግን ነገር ይበላሻል። ገበሬው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጥልበታል፣ ክብደቱን ይጥልበታል፤ ተዋናዩ ግን እንዳይወድቅበት ጨብጦ ይዞታል። ከዚያ በየመሀሉ «ምነው ሸዋ!» ይላል። በዚህ ጎጃሜ መሆን አይቻልም።

ዘማርቆስ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለክበብ ምርጫስ እንዴት እናድርገው?

ባለዓባይ
ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ በቂ ነው። ስድስት ሰባት መስመር ስጡትና ሦስት ጊዜ ይበለው፦ አንዴ ሊለምን፣ አንዴ ሊያስፈራራ፣ አንዴ ሊደብቅ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ያላችሁ መልክ ብቻ ነው። ብዙዎቹ «አስፈራራ» ሲባሉ ይጮኻሉ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ድገመው በሉት፣ ማስተካከል የሚችል ሰው እዚያ ይለያል። በመጨረሻ ቡና እየቀዳ መርዶ ንገሩት። ፊቱን ተዉት፣ ጀበናውን የያዘውን እጅ እዩ። ወሬውን ሰምቶም ቡናው እኩል እየወረደ ከቀጠለ፣ ወይ አልሰማም ወይ ሊደብቅ ፈልጓል። የትኛው እንደሆነ ጠይቁት፤ መልስ ካለው ያዙት።