የሸክላ ስጦታ፦ ላስቲኩ ይቀደድ ወይስ እንደታሸገ ይሂድ?

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ለአጎቴ ልደት አዲስ የሙዚቃ ሸክላ ልገዛ ነው፤ የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»፣ ስትራት የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ያሳተመውን። ሻጩ «የታሸገበትን የፋብሪካ ላስቲክ ቀድጄ ሸክላውን ከሽፋኑ ውጭ ልላከው?» ብሎ ጠየቀኝ። የተከፈተ ዕቃ በስጦታ መስጠት አያስነውርም ወይ? ከዚያም እስከ አዲስ አበባ በሻንጣ ነው የሚሄደው። ምን ትሉኛላችሁ?

ባለሸክላው
እህቴ፣ ይቅደደው። አንድ ሸክላ 140 ግራም፣ ወፍራሙ 180 ግራም ይመዝናል። ሽፋኑ በሙጫ የተያያዘ ካርቶን ብቻ ነው። ጥቅሉ መንገድ ላይ በጠርዙ ከወደቀ ሽፋኑ ሲቆም ሸክላው ይንሸራተትና የሽፋኑን መጋጠሚያ እንደ ምላጭ ይሰነጥቀዋል። ላስቲኩ ከዚህ አያድንም፤ ታሽጎ ደርሶ መጋጠሚያው የተሰነጠቀ ሞልቷል።

ለሻጩ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ ላስቲኩን ሸክላው በሚወጣበት በኩል ብቻ ሰንጥቅ፤ ሸክላውን ከነውስጥ ወረቀቱ አውጥተህ ከሽፋኑ ጀርባ አድርግ፤ ሁለቱን በአንድ ግልጽ የውጭ ላስቲክ ክተት፤ ከፊትና ከኋላ ጠንካራ ካርቶን ጨምር። የፋብሪካው ላስቲክ ላይ የተለጠፈች ማስታወቂያ ካለች አትጣል በይው። ዙሪያዋን ተቆርጣ የውጭው ላስቲክ ላይ ስትለጠፍ ዕቃው አዲስ መሆኑ ያስታውቃል።

ካሴት ቤት
ትንሽ ልቃወም። አጎትሽ ሳይከፍቱ የሚያስቀምጡ ሰብሳቢ ከሆኑ የታሸገው ይበልጥባቸዋል። የሚያዳምጡ ከሆነ ግን መክፈቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ታዪዋለሽ። ሸክላውን ጠርዝና ጠርዙን ይዘሽ ከዓይንሽ ትክክል አድርጊና አዙሪው፤ መጣመሙ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በሽፋኑ ውስጥ መኖር ያለበት በራሪ ወረቀት መኖሩን፣ የመሃሉ ክብ ወረቀት በሁለቱም ፊት በቦታው መለጠፉን ተመልከቺ። ጎን አንድ ላይ የጎን ሁለት ወረቀት ተለጥፎ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

የውስጡ ወረቀት ሻካራ ከሆነ ሸክላው በወጣና በገባ ቁጥር ፀጉር የመሰለ ጭረት ይተውበታል። በውስጥ በኩል ስስ ላስቲክ የተለበጠበትን ግዢለት፣ ርካሽ ነው። የውጭውን ላስቲክ ግን ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ እንዳትወስጂ። ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ያምራል፤ ከቆየ ግን ሸክላው ላይ የማይለቅ ጉም መሳይ እድፍ ያወጣል። ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የሚለውን ምረጪ።

መንገደኛ
ስለ ሻንጣው፦ ሽፋኑ ወደ 31.5 ሴንቲሜትር ካሬ ነው፤ በእጅ ሻንጣ ይገባል፣ በጭነት አትላኪው። 33 ሴንቲሜትር ካሬ የሆኑ ሁለት የካርቶን ቁራጮች ቁረጪ፤ የአንዱ የውስጥ ሞገድ መስመር ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን ይሁን፤ እንዲህ ሲደራረቡ አይታጠፉም። ሸክላው አሁንም ከሽፋኑ ውጭ ይቆይ፤ ስትደርሺ ትመልሺዋለሽ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ አትተዪው፤ ይጣመማል፣ ወደ ቀድሞው መመለሱም ዘበት ነው።

የስጦታ ወረቀት ስትጠቀልዪ ፕላስተሩ ሽፋኑን እንዳይነካ፤ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይነሳል። መጀመሪያ የውጭ ላስቲክ፣ ከዚያ ወረቀት። 70 በ45 ሴንቲሜትር ይበቃል።

ባለሸክላው
አንድ የረሳነው፦ አጎትሽ የሸክላ ማጫወቻ አላቸው? ከሌላቸው ሲዲ ይሻላል። ኢትዮፒክስ ከሚባሉት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲዎች ቁጥር 4 የሙላቱ ነው፤ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብተር አብሮት አለ፤ ያገለገለ ከገዛሽ ደብተሩ መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ። ሳጥኑን ወዝወዝ አድርገሽ ሲንኮሻኮሽ ከሰማሽ ሲዲውን የሚይዙት የመሃል ጥርሶች ተሰብረዋል ማለት ነው። መደበኛው ባለ 10 ሚሊሜትር ሳጥን ከሆነ አያሳስብም፤ ባዶ ሳጥን ገዝተሽ ደብተሩንና የጀርባውን ወረቀት ታዛውሪያለሽ። ስሱን ባለ 5 ሚሊሜትር እንዳትገዢ፣ የጀርባው ወረቀት አይገባበትም። ካርቶን ላይ የተለጠፈ ዓይነት ከሆነ ግን ጥርሱ ከሽፋኑ ጋር ስለተጣበቀ መቀየሪያ የለውም፤ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።

ጠያቂዋ
ማጫወቻ አላቸው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያዳምጡበት። ለሻጩ «ቅደደው» ብዬ ጻፍኩለት፤ ማስታወቂያዋንም እንዳይጥላት።