ክፍት የአየር ፊልትሮ ለሞተር ሳይክል ጉልበት ይጨምራል ወይ? (150 ሲሲ፣ ባሕር ዳር)

የሽምብጥ ሞተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሬ የቻይና 150 ሲሲ ነው፣ ሲጂ የሚባለው፤ ካርብሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ላይ ፒዜድ 27 ይላል። ሰው ጭኜ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ይታፈናል። ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው ይንተፋተፋል፣ ትንሽ ስቀንስለት ይሻለዋል። አንድ መለዋወጫ ሻጭ የፊልትሮውን ሳጥን አውልቄ ካርብሬተሩ አፍ ላይ በፋሼታ የምትታሰረውን ሾጣጣ ቀይ ፊልትሮ ባስገባ 3 ፈረስ ጉልበት እንደምትጨምርልኝ ነገረኝ። በዘጌ አቅጣጫም አቧራ ለአቧራ እመላለሳለሁ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

ካንዴላ

ወንድሜ፣ 3 ፈረስ ጉልበት ከፊልትሮ አይገኝም። ሂሳቡን እንየው። ፎር ስትሮክ ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው አየር የሚስበው። በደቂቃ 8,000 ዙር ቢዞር 4,000 ጊዜ ይስባል፤ በ150 ሲሲ ስታባዛው 600 ሊትር ይመጣል። ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ስለማይሞላ በተግባር 500 ሊትር ገደማ በለው። ንጹሕ የፋብሪካ ፊልትሮ ይህን ያህል አየር ሳይጨነቅ ያሳልፋል። አየሩን የሚያጠበው የካርብሬተሩ ጉሮሮ፣ የቫልቩ ስፋትና ቫልቩን የሚከፍተው የካሙ አሠራር ነው። የግቢውን በር ብታሰፋ የሳሎኑ በር ያው ከሆነ የሚገባው ሰው አይጨምርም።

ሳጥኑም ሥራ አለው። ካርብሬተሩ የረጋ አየር እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ከሳጥኑ እስከ ካርብሬተሩ ያለው ቧንቧ ርዝመቱ በመካከለኛ ዙር ሲሊንደሩ በደንብ እንዲሞላ ተብሎ የተለካ ነው። ስታወልቀው መጀመሪያ የምታጣው ዳገት የሚያወጣህን ጉልበት ነው። ክፍቷ ፊልትሮ ደግሞ ከሲሊንደሩ ጀርባ የሞቀውን አየር ትስባለች፤ አየር በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከ3 በመቶ በላይ ይሳሳል። ድምፁ ግን ይጎላል፣ ጆሮም ያንን እንደ ፍጥነት ይቆጥረዋል።

ክፍቷ ፊልትሮ የምትጠቅመው ካሙ፣ ካርብሬተሩና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አብረው ሲቀየሩ፣ ጄቱም (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) እንደገና ሲለካ ነው። የአንተ እንደዚያ አይደለም።

ጣና ዳር መካኒክ

ካንዴላ ያለው ልክ ነው። ግን «ፊልትሮ ቀይሬ ሞተሬ ተከፈተ» የሚሉት ልጆችም አይዋሹም፤ ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየራችን ከቆላ ወደብ አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርብሬተር ይህን አያውቅም። ለዝቅተኛ ቦታ በተለካ ጄት እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ወደ 10 በመቶ ይበዛበታል። «ነዳጅ ስቀንስለት ይሻለዋል» ያልከው የቤንዚን መብዛት ምልክት ሊሆን ይችላል። ክፍቷ ፊልትሮ አየሩን ስለምታበዛና በካርብሬተሩ አፍ ያለውን መምጠጥ ስለምትቀንስ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ሰውየውም ጉልበት ጨመረች ይላል። ያንኑ ውጤት ሳጥኑን ሳትነካ በአንዲት ትንሽ የነሐስ ጄት ታገኛለህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ፣ የካርብሬተሩን ሳህን (ከሥሩ ያለውን የቤንዚን መያዣ) አፍስስ፣ ብሎኖቹን በመስቀል ካቻቪቴ ፍታ። መሃል ላይ የምታያት ትልቋ የነሐስ ብሎን ዋናዋ ጄት ናት፤ ልኳን የያዘ ሰፊ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ተጠቀም፣ ቀጭኑ ጥርሷን ይበላዋል። የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፤ 105 ማለት 1.05 ሚሊ ሜትር። የቀዳዳው ስፋት በካሬ ስለሚሰላ ከ105 ወደ 100 መውረድ ቤንዚኑን በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ቀዳዳዋን በሽቦ እንዳትጠርግ፣ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ይሰፋል፤ በአየር ንፋት።

ከዚያ አዲስ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ) አስገባና ፈትን። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ጥቂት ቆይ፣ ፍሪሲዮን ይዘህ በዚያው ቅጽበት ሞተሩን አጥፋና ዳር ያዝ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ብቻ አድርገው። ካንዴላውን ፈትተህ ነጩን ሸክላ እስከ ሥሩ እይ። ሥሩ ላይ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ካለ ደርሰሃል። እንደ ምጣድ ጥላሸት ከሆነ ገና ይበዛል። ነጥቶ ጥቃቅን ፍንጣቂ ካበቀለ ግን ወዲያው ወደ ትልቁ ጄት ተመለስ፤ በዚያ ከቀጠልክ ፒስተን ይበሳል።

በግማሽ ነዳጅ ላይ የሚንተፋተፍ ከሆነ ጥፋቱ ከካርብሬተሩ መርፌ ነው፤ ክሊፑን አንድ ጥርስ ወደ ላይ ብታወጣው መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚን ይቀንሳል። ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው የሚዞርበት) ሲዋዥቅ የካርብሬተሩን ትንሿን ብሎን አስተካክል። ብሎኗ በሞተሩ በኩል ካለች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፣ በፊልትሮው በኩል ካለች አየር ነው፤ የሁለቱ አዟዟር ተቃራኒ ስለሆነ ይህን ሳታይ አትንካት።

አንድ ነገር ልጨምር። ለባሕር ዳር የለካኸውን ጄት ይዘህ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ዓባይ በረሃ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ ይቀጥናል። ከወንዙ ተነስተህ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ስትወጣ ደግሞ ሞተሩ በጣም የሚሞቅበት ቦታ ነው። ለዚያ ጉዞ የድሮዋን ጄት መልሳት።

ግሽ ዓባይ

እኔ የምፈራልህ አቧራውን ነው። ቀይ ጨርቅና ወንፊት ያላትን ርካሿን ፊልትሮ ፀሐይ ላይ ይዘህ በውስጧ እይ፤ የመርፌ ጫፍ የሚያክል ብርሃን ካየህ በዚያው አቧራ ይገባል። አቧራው ዘይት ላይ ሲያርፍ እንደ ሞረድ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን ይበላል፤ ሰማያዊ ጭስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ የኋላ ጎማ የሚረጨው ውሃ በቀጥታ ያገኛታል።

ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ከሞተሩ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ። ሳጥኑ ሲወልቅ አፉ ተከፍቶ ይንጠለጠልና አቧራ ወደ ዘይቱ ይገባል።

ፊልትሮህ መያዙን ማወቅ ከፈለግህ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ግራሶ በስሱ ቀባ። ከሳምንት በኋላ ግራሶውን በሁለት ጣት አሸው፤ ልስልስ ካለ ጥሩ ነው፣ እንደ አሸዋ ከቆረቆረህ አቧራ አልፎአል። መጀመሪያ ግን የቧንቧውን ፋሼታ እይ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው የላላ ፋሼታ ነው።

ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ እጠበው፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ። ጨምቅ እንጂ አትጠምዝዝ፣ ይቀደዳል። ጥላ ላይ አድርቀህ ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስስበት፣ እስኪዳረስ እሸው፣ ትርፉን ጨምቀህ አውጣ። በአቧራ መንገድ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ክፈተው። ወረቀት ከሆነ ዘይት እንዳይነካው።

የሽምብጥ ሞተረኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳጥኑን ከፈትኩት። ፊልትሮው ወረቀት ነው፣ የታችኛው ግማሽ በጥቁር ዘይት ርሷል። ጄቱ 105 ነው።

ጣና ዳር መካኒክ

እንግዲያው ተገኘ። ዘይት የጠጣ ወረቀት አየር አያሳልፍም፤ ባነቀ ቁጥር ካርብሬተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል። በከፍታው ላይ ተደርቦበታል። ዘይቱ የመጣው በመተንፈሻ ቱቦው ነው፤ ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዘይት ሲበዛ ነው። የሲጂ ሞተር የሚይዘው 1 ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁመህ መለኪያውን ጥረግ፣ ሳታጠብቀው አስቀምጠህ ብቻ አውጣና እይ፤ አጥብቀህ የምትለካ ከሆነ ያለውን አብዝቶ ያሳይሃል። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ቀንስ። ልኩ ትክክል ሆኖ አሁንም ዘይት የሚተፋ ከሆነ ፋሻው አልቋል።

ቅደም ተከተሉን አታዛባ፦ መጀመሪያ አዲስ ፊልትሮና የዘይት ልክ፣ ከዚያ ፈትን፣ ጄቱን የምትቀይረው ካንዴላው ገና ከጠቆረ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ቀን ብትቀይር የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ያ ሁሉ ተስተካክሎ ሰው ስትጭን ዳገቱ አሁንም ከከበደህ ሰንሰለቱን የሚነዳውን የፊት ፒኞን ጥርስ ቁጠር። ባለ 15 ከሆነ በ14 ቀይረው፤ ጉተታው በ7 በመቶ ይጨምራል፣ ከፍተኛ ፍጥነትህም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሰንሰለቱን ግን መልሰህ ወጥረው፣ አጭር ፒኞን ያላላዋል።