5 ቢሊዮን ብር የሞላ ባንክ ገንዘባችንን ይጠብቃል ወይ?

የሒሳብ መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ፦
ብሔራዊ ባንክ ሚያዝያ 2013 ላይ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች ያዋጡትን የባንኩን የራሱን ገንዘብ፣ ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ ተባለ። አሁን ሰው ሁሉ «5 ቢሊዮን ከሞላ አያሰጋም» ይላል። እኔ አልስማማም። መታየት ያለበት ምጣኔው ነው፤ ካፒታሉ በስጋት ከተመዘነው ሀብት፣ ማለትም እያንዳንዱ ብድርና ንብረት እንደ ስጋቱ ክብደት ተሰጥቶት ከሚደመረው፣ ስንት በመቶ ነው የሚለው። ዝቅተኛው 8 በመቶ ነው።

የበርበሬ ነጋዴ፣ ቡሬ፦
እታለም፣ እኛ ባለአክሲዮኖች ትርፋችንን በእጃችን ሳንይዝ ወደ አክሲዮን ተቀየረ ተባልን። ለጥበቃ ካልሆነ ለምን ወሰዱት? ትልቅ ባንክ ከትንሽ ይሻላል።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ እስቲ አብረን እናስላው። አንዱ ባንክ 5 ቢሊዮን ካፒታል አለው፤ 80 ቢሊዮን አበደረ። ብድሩ በሙሉ 100 በመቶ ይመዘናል፣ ሳይቀነስ ይቆጠራል እንበል። ምጣኔው 6.25 በመቶ ነው፤ ወደቀ ማለት ነው። ሌላው ያለው 2 ቢሊዮን ነው፤ ያበደረው ግን 16 ቢሊዮን ብቻ። 12.5 በመቶ! እርስዎ ገንዘብዎን የትኛው ጋር ያስቀምጣሉ?

የብድር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
ስሌቱ ልክ ነው። ምጣኔውም ግን ይሸወዳል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ተበዳሪው መክፈል ያቅተዋል። ቀኑ ሲደርስ አዲስ ብድር ይሰጠውና አሮጌው ተዘጋ ይባላል። በወረቀት ብድሩ ጤነኛ ነው። ለኪሳራ የሚሆን መጠባበቂያ አይያዝለትም፣ ካፒታሉም አይነካም። 50 ቢሊዮን ያበደረና 5 ቢሊዮን ካፒታል ያለው ባንክ 10 በመቶ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። እንዲህ የተሸፈነው 3 ቢሊዮን አንድ ቀን ኪሳራ ተብሎ ቢመዘገብ ግን የሚቀረው ካፒታል 2 ቢሊዮን ነው። ምጣኔው ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

ተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም፦
የ5 ቢሊዮኑ መመሪያ ሲወጣ ዶላር 42 ብር ገደማ ነበር። 5 ቢሊዮኑ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ያው 5 ቢሊዮን ከ50 ሚሊዮን ዶላር በታች ሆነ።

መምህርቷ፦
ጎበዝ! የተቆረጠ የብር መጠን ባለበት ይቀራል። በመቶኛ ሲሆን ግን ብድሩ ባበጠ ቁጥር ካፒታሉም እንዲያድግ ያስገድዳል።

ነጋዴው፦
እሺ፣ ስሌቱ ገባኝ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የመንግሥት ቦንድ የስጋት ክብደቱ ዜሮ፣ የእኔ ብድር 100 ከሆነ፣ ባንኩ ምጣኔው ሲጠበው ማንን ይቆርጣል? እኔን ነው! በርበሬው ደርሶ ገበሬው ጆንያውን ይዞ ሲመጣ ገንዘብ የለም እባላለሁ።

ባለሙያው፦
እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ካፒታል ሲያንስ መጀመሪያ የሚዘጋው ብድር ነው። ለዚህ ነው የእርስዎ ትርፍ ወደ አክሲዮን መዞሩን የማልቃወመው፤ ካፒታል ካላደገ የሚያበድረውም አያድግም። የ5 ቢሊዮኑ ወለልም ይቅር አልልም። አቅም የሌለው ሁሉ ባንክ እንዳይከፍት ይከለክላል።

መምህርቷ፦
ወለሉ ይኑር። ግን ሰው በእሱ ብቻ እንዳይተማመን እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ባለአክሲዮን ነዎት፤ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ አለዎት። የትርፍ ድርሻውን ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁልን። ምጣኔው ስንት ነው? በዓመቱ ስንት ብድር በአዲስ ብድር ታደሰ? ሁለተኛውን በደንብ ካልመለሱ የመጀመሪያውን አይመኑት።