ከሻወር ጀርባ ያለው ግድግዳ ቀለሙ እየረገፈ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ራሳችን ብንቀባ ይሆናል?

ባለሁለት መኝታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ 2ኛ ፎቅ። ባለሙያ ለመቅጠር አቅሙ ስለሌለ ለአዲስ ዓመት ራሳችን ቀብተን፣ መጋረጃ ቀይረን፣ ሳሎን ውስጥ ሁለት የመጽሐፍ መደርደሪያ ልንሰቅል አስበናል። ነሐሴ ግን ገብቷል።

የልጆቹ መኝታ ቤት አንዱ ግድግዳ ከሻወሩ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ይኮፈሳል፣ ሲነኩት ይረግፋል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይታያል። አምና ተፍቆ በጀሶ ተደፍኖ ተቀብቶ ነበር፤ ስድስት ወር እንኳ አልቆየም። የተበላሸው ቦታ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ነው።

ሳሎኑ ደግሞ ከታች እስከ ደረት ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ፕላስቲክ ቀለም ነው። ሁሉንም አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ማድረግ እንፈልጋለን። ስፋቱ 4.2 በ3.6፣ ከፍታው 2.6 ሜትር፤ አንድ በር (0.9 በ2.1) እና አንድ መስኮት (1.5 በ1.2) አለው። ስንት ሊትር ይበቃል? ከየቱ እንጀምር?

ቀላል መንገድ፦

ግድግዳውን በፒቪሲ ፓነል ሸፍኑትና ተገላገሉ። በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ያምራል፣ ልጆችም ቢነካኩት በጨርቅ ይጠረጋል።

ቱንቢ፦

ፓነል ደረቅ ግድግዳ ላይ ጥሩ ነገር ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ግን ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፓነሉ ጀርባ ሻጋታ ያፈራል። ልጆች የሚተኙበት ክፍል ስለሆነ ይህን አታድርጉት።

ነጩ ዱቄት ከልስኑና ከብሎኬቱ ውስጥ ውሃ አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው። ውሃው ግድግዳው ፊት ላይ ደርሶ ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል፤ ቀለሙን ከሥር የሚገፋው እሱ ነው። ጀሶ ደግሞ ውሃ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ቀስ በቀስም ይሟሟል፤ አምና የተሠራው ያልቆየው ለዚህ ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ጀሶም የቤት ውስጥ ስቱኮም አይገባም።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ የእርጥበቱ ከፍታ ይናገራል። ከጣሪያ ወደ ታች ከወረደ የላይኛው ጎረቤት ነው። ቧንቧው ባለበት ከፍታ ላይ ክብ ሆኖ ከታየ የቧንቧ መገጣጠሚያ ነው። እንደ እናንተ ከወለል ተነስቶ ጉልበት ላይ ከቆመ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሻወሩ ወለል ነው፦ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ፣ ወይም የፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ። አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ሞክሩ።

መጀመሪያ ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ፣ የሽንት ቤቱንም ሳጥን ውሃ ሞልታችሁና ማስገቢያውን ዘግታችሁ፣ ቆጣሪውን አንብቡ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግማችሁ አንብቡ። ከተንቀሳቀሰ ግፊት ያለው መስመር ያፈሳል፤ ያ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ውሃው በሚመጣበት ሌሊት አድርጉት፤ በሌለበት ሌሊት ቆጣሪው ቢቆም ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛ፣ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ንጹሕ ፕላስቲክ ቀለሙ የረገፈበት ቦታ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ጤዛው በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ ክፍሉን በሚያየው በኩል ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፣ መፍትሔውም መስኮት መክፈት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የሻወሩን መውረጃ በፌስታል በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ድፈኑና 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ አቁሙ። የውሃውን ጠርዝ ሴራሚኩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና 24 ሰዓት ጠብቁ። በሩ ጋ ደፍ ከሌለ ውሃው እንዳይሻገር በፎጣ ከልሉ፤ ከሥር ላሉት ጎረቤቶችም አስቀድማችሁ ንገሩ። ዝግ ክፍል ውስጥ በትነት የሚጠፋው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

ሮሎ፦

ስለ ሳሎኑ ቀለም። ዙሪያው 15.6 ሜትር፣ በ2.6 ሲባዛ 40.6 ካሬ፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 37 ካሬ ያህል ይቀራል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም 9 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ሁለት እጅ ለመቀባት 8 ሊትር ከጥቂት ነጥብ ነው። 10 ሊትር ግዙና የተረፈውን ለማስተካከያ አስቀምጡ። ባልዲው ላይ የተጻፈው ሊትር ይሁን ኪሎ ግራም በደንብ እዩ፤ አንድ ሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 10 ኪሎ ገዝቶ 10 ሊትር የያዘ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የምርት ቁጥሩም (ባች) አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ሁለቱን ትልቅ ባልዲ ውስጥ አደባልቁ።

ዋናው አደጋ ዘይቱ ላይ ነው። ፕላስቲክ ቀለም የሚያብለጨልጭ ዘይት ላይ አይዝም፤ ከወራት በኋላ እንደ ሙዝ ልጣጭ በትልልቁ ይነሳል። መጀመሪያ በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ቅባቱን አስለቅቁ፣ በተለይ ሶፋው ጀርባና ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ። ከዚያ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እየነከራችሁ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ ፈግፍጉ። በረጠበ ስፖንጅ አቧራውን ጠርጉ። ሲደርቅ ለዘይትም ለፕላስቲክም የሚሆን ማያያዣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) አንድ እጅ፣ በላዩ ፕላስቲክ ሁለት እጅ። ፕራይመር ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም፤ ከቆጠባችሁ በመጨረሻው ቀለም ዓይነት ቆጥቡ።

ዘይቱ የት እንደሚያቆም በዓይን ካልለያችሁት ጥጥ በነጭ አልኮል ነክራችሁ አሹት። ፕላስቲክ ከሆነ ይለሰልስና ጥጡ ላይ ይወጣል፤ ዘይት ከሆነ ንቅንቅ አይልም።

አሮጌ ዘይት ቀለምን፣ በተለይ የብረት መስኮትና በር ላይ ያለውን፣ በደረቁ አትፈግፍጉ። በኢትዮጵያ የቀለም የእርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) መጠን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የተገደበው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ብዙ ሊድ ሊኖረው ይችላል። ወረቀቱን ውሃ እየነከራችሁ ፈግፍጉ፣ ልጆቹን ከክፍሉ አርቁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉ።

ነሐሴ ላይ መቀባት ይቻላል። ባልዲው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ግን ለደረቅ አየር ነው። በሁለት እጅ መካከል 6 ሰዓት ስጡት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ቀኑ 9 ሰዓት ላይ አቁሙ። የመጀመሪያውን እጅ በ20 በመቶ ውሃ አቅጥኑ፣ ሁለተኛውን ከ10 በመቶ አታሳልፉ። ሰው ቀለም ለማብዛት ግማሽ በግማሽ ውሃ ይጨምርበትና ሲታሽ እንደ ጠመኔ ይለቃል።

ባለሁለት መኝታ፦

እግዜር ይስጥልን። ሦስቱንም አደረግን። ቆጣሪው ከማታ እስከ ጠዋት አልተንቀሳቀሰም፣ ውሃም ነበረ። የፕላስቲኩ ጤዛ በግድግዳው በኩል ነው። የሻወሩ ውሃ ግን በ24 ሰዓት 9 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸው ላይ ምንም አላዩም። ሴራሚኩን ሁሉ ማንሳት ይኖርብን ይሆን?

ቱንቢ፦

ገና ነው፤ ሴራሚክ ማንሳት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። 9 ሚሊ ሜትር ትነት አይደለም፣ በጥጉ ወይም በመውረጃው ዙሪያ ይሰርጋል። ታች ጎረቤት አለመታየቱ ውሃው ወደ ጎን፣ ወደ ግድግዳው እየተሳበ መሆኑን ያሳያል።

ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበትን መስመር ሁሉ፣ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበትንም ጥግ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ አሮጌውን ግራውት (በሴራሚኮቹ መካከል የተሞላውን) በስለት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ አውጡ። የወለሉን ሌሎች መገጣጠሚያዎች በምስማር ጫፍ ሞክሩ፤ የሚፈረፈረውን ብቻ አውጥታችሁ በአዲስ ግራውት ሙሉ። ጥጉን ግን በግራውት አትሙሉት። ጥግ ይንቀሳቀሳል፣ ግራውት ደግሞ ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ ችግራችሁም የተወለደው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ጥጉና የመውረጃው ዙሪያ ሻጋታ የሚቋቋም የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ነው የሚፈልገው፤ አንድ ቱቦ ይበቃል። ሻወሩ ሁለት ቀን ሳይነካ ይድረቅ፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ሲሊኮኑን ሳታቋርጡ አስገቡ፣ ሳሙና በነካ ጣት አለስልሱት፣ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ አይያዝም፤ ቅሪቱን ሁሉ ፋቁ።

ከዚያ የውሃውን ሙከራ ድገሙ። አሁንም ከወረደ የመውረጃው አንገት ነው፤ ያኔ የምትነሳው በዙሪያው ያለችው ሴራሚክ ብቻ ነች።

የልጆቹን ግድግዳ ለእንቁጣጣሽ እርሱት። የላላውን ልስን እርጥበቱ ከቆመበት 30 ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ እስከ ብሎኬቱ አንሱ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል። ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ፣ 15 ደቂቃ። በረኪናውን ከሴራሚክ ማጽጃ አሲድ ጋር በአንድ ቀን እንኳ አትጠቀሙ፤ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። አልጋውን ከግድግዳው ራቅ አድርጉና ግድግዳው ራቁቱን ይክረም።

ጥቅምት ላይ ፕላስቲኩን ደግማችሁ ለጥፉ። ጤዛ ከሌለ ልሰኑ፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ በአራት እጅ የታጠበ አሸዋ፣ ውፍረቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር። 2 ሜትር በ1.2 ለሚሆን ቦታ 15 ኪሎ ሲሚንቶና በ20 ሊትር ባልዲ ሁለት አሸዋ ይበቃል። ብሎኬቱን ቀድማችሁ አርጥቡ፤ ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ ይጠጣውና ልስኑ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ እርጩበት፣ ቀለም ከ28 ቀን በኋላ። ቀለሙ ፕላስቲክ ይሁን፤ አዲስ ልስን ላይ ዘይት ብትቀቡ የሲሚንቶው አልካላይ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠውና ይጣበቃል።

ሮሎ፦

በዚህ ልጨምር፦ የቀሩትን ሦስት ግድግዳዎች አሁን ቀቡና ጥግ ላይ አቁሙ። ለአራተኛው የሚሆነውን ቀለም ንጹሕ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ እስከ አፉ ሞልታችሁ አሽጉ፤ አየር ከሌለ አይጠነክርም። ጥግ ላይ የተቀጠለ ቀለም ትንሽ ቢለያይም ዓይን አይለየውም።

ባለድሪሉ፦

መደርደሪያውን በተመለከተ፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ባዶ ብሎኬት ነው፤ ከልስኑ በኋላ የብሎኬቱ ቆዳ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ድሪሉን መዶሻ ላይ አድርጋችሁ ከወጋችሁት ከጀርባ ሰፊ ጉድጓድ ይፈነቀላል፣ ፊሸሩም (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይሽከረከራል። መዶሻውን አጥፉ፣ በ6 ቁጥር ጀምራችሁ በ8 አስፉ። ድንገት ለቀቅ ካለ ባዶው ላይ ናችሁ፤ እዚያ ከጀርባ ተጠቅልሎ የሚይዝ ረጅም ፊሸር ተጠቀሙ። እየጠነከረ ግራጫ ዱቄት ከሰጠ ኮለን ነው፤ ያኔ መዶሻው ይብራ፣ ተራ ፊሸርም ይበቃል። መጽሐፍ ከባድ ነው፣ አንድ ሜትር መደርደሪያ ላይ 25 ኪሎ ይደርሳል፤ ከተቻለ አንዱን ጫፍ ኮለን ላይ አሳርፉ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ድጋፍ አድርጉ። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ በላይና በታች በፍጹም አትብሱ፤ ሽቦው የሚሄደው እዚያ ነው።

ክርና መርፌ፦

ማንም መጋረጃውን አላነሳም። ከሁሉ የሚረክሰው አቡጀዲድ ነው፣ ግን ይሰበሰባል። ሳትቆርጡ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ አድርቁና ተኩሱት። ለ1.5 ሜትር መስኮት ዘንጉ 1.9 ይሁን፣ ከመስኮቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጨርቁ ከዘንጉ ሁለት እጥፍ መስፋት አለበት፦ 3.8 ሜትር፣ ማለትም ባለ1.5 ሜትር ወርድ ሦስት ቁራጭ። እስከ ወለል 2.2፣ ለእጥፋት 25 ሳንቲ ሜትር፣ ለመሰብሰቡ ትርፍ ተጨምሮ ሲገዛ ለአንድ ቁራጭ 2.65 ነው፤ በጠቅላላ 8 ሜትር ግዙ። ያረጀ ነጠላ ካላችሁ ጥለቱን ፈትታችሁ ከታች ጠርዙ ላይ ስፉት፤ የትራስ ልብስም ላይ ያምራል። የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ ለብቻው አጥባችሁ ሞክሩት።

ቀለምም ስትመርጡ ናሙናውን ማታ በራሳችሁ አምፖል ሥር እዩት። 6500 ኬልቪን የተጻፈበት አምፖል ክሬሙን ቀለም ግራጫ ያስመስለዋል፤ 3000 የተጻፈበት ሞቅ ያደርገዋል። አምፖል መቀየር ከቀለም መቀየር ይረክሳል።

ባለሁለት መኝታ፦

ጥጉ ተፍቆ ሲሊኮን ገብቷል። ውሃው በ24 ሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ወረደ።

ቱንቢ፦

ተዘግቷል። ለማረጋገጥ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ሲሊኮኑ ጠርዙ ከተነሳ ያኔ ይታያል። እስከዚያ ልስኑን ማንሳት ትችላላችሁ።