ክርክር፦ «ፓራሳክቲ» መታገድ ነበረበት?

አወያይ፦
ቤተሰብ፣ በቀጠሯችን መሠረት የዛሬው ክርክር በታሚልኛው ፊልም «ፓራሳክቲ» ላይ ነው። ሂንዲ አይደለም፤ ሁሉንም «የህንድ ፊልም» ብለን አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት ለዛሬ ይቅርብን። የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1952፣ በዲዋሊ በዓል ነው።

ላላያችሁት፦ ሦስት ወንድማማቾች በርማ፣ ራንጉን ይኖራሉ። እህታቸው ካልያኒ ከአባቷ ጋር ማዱራይ ናት። ሠርጓ ሲደርስ ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነውና መሄድ የቻለው ታናሹ ጉናሴካራን ብቻ ነው፤ እሱም ማድራስ ሲገባ ያለ የሌለውን ይዘረፋል። ካልያኒ ባሏንም አባቷንም አጥታ አራስ ልጅ ታቅፋ ትቀራለች። መጠጊያ ብላ ቤተ መቅደስ ስትገባ ካህኑ ሊደፍራት ይሞክራል። ተስፋ ቆርጣ ልጇን ወንዝ ውስጥ ትጥላለች፤ ችሎት ስትቀርብ ዳኛው ትልቅ ወንድሟ ሆኖ ይገኛል። ጉናሴካራንም ካህኑን አጥቅቶ ይከሰስና ያንን ዝነኛ ንግግር ያደርጋል።

ያኔ ይታገድ ያሉ ብዙ ነበሩ፣ የመንግሥት ሰዎች ጭምር። ሳይታገድ ቀረ። ልክ ነበር? ጀምሩ።

የቀበና ልጅ፦
እገዳውን ለጊዜው ተዉትና፣ «የቤተሰብ ድራማ» ማለታችን ራሱ መታለል ነው። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ካሩናኒዲ ነው። ፓርቲው ዲኤምኬ የተመሠረተው በ1949፤ ፊልሙ በሦስተኛ ዓመቱ ደረሰ። ገና ሲከፈት የድራቪዳንን፣ ማለት የደቡብ ህንድን፣ ምድር የሚያወድስ ዘፈን ነው። በ1969 ጸሐፊው የታሚል ናዱ ክልል ዋና ሚኒስትር ሆነ። የእናት እንባ አስለቅሰው ድምፅ ሰበሰቡበት፣ አለቀ።

ቡና ቁርስ፦
አላለቀም ወንድሜ። ቼናይ፣ የያኔዋ ማድራስ፣ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። አከራዬ ሰባ ያለፋቸው ሰውዬ ነበሩ፤ ማታ ማታ ሽንኩርት እየላጡ የዚህን ፊልም ንግግር በቃላቸው ይወርዱታል፣ የመቅደሱንም የችሎቱንም። ፓርቲውን ሲረግሙ ውለው የሚያድሩ ሰው ናቸው! አንድ ቃል ግን አይስቱም። ድምፅ መሰብሰቢያ ብቻ ቢሆን እሳቸው ምን ቤት ናቸው?

ደግሞ ፊልሙን ፓርቲ ብቻ አልሠራውም። ጉናሴካራንን ለተጫወተው ለሲቫጂ ጋኔሳን የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። የኤቪኤም ስቱዲዮው ሜይያፓን ልጁ ከሲታ ነው ብሎ አልወደደውም፤ በሌላ ተዋናይ ይተካ አለ። አጋሩ ፔሩማል ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ልጁን ቀልበው፣ ሥጋ ሲያወጣ የተቀረጸውን እንደገና ቀረጹት። ሲቫጂ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም በየዓመቱ በፖንጋል በዓል ፔሩማል ቤት እየሄደ ያመሰግን ነበር።

ሰንበሌጥ፦
እንደ ፋሲካ በግ ቀለቡት በሉኛ።

ዜማ ወዳጅ፦
ቀልዱ ይቆየን። እኔ የካህን ልጅ ነኝ። እምነቱ የእኔ አይደለም፣ ግን በአምላክ ፊት ካህን ሴት ሲጎትት ስታሳይ አንዱን አጥፊ አሳይተህ ደጉንም ታሰድባለህ። ሕዝቡ ከሲኒማ ወጥቶ ማግስቱን የሚያየው የሰፈሩን ካህን ነው። መንግሥት ቢሰጋ አልፈርድበትም።

ቡና ቁርስ፦
ጉናሴካራን ችሎቱ ላይ መልሶታል እኮ። መቅደሱን አልጠላሁም፣ የክፉዎች ዋሻ እንዳይሆን ነው፤ ካህኑንም የመታሁት ካህን ስለሆነ አይደለም ይላል።

ዜማ ወዳጅ፦
እሱ ለዳኛ የተዘጋጀ ነው። መቅደሱ ውስጥ ያለውን ለምን ዘለልሽው? ሴቷ አምላክ መቼ ተናግራ ታውቃለች፣ ድንጋይ ናት ይላል። ይሄ ስለ ካህኑ ነው? ሳንሱሩም ገብቶታል፤ «ድንጋይ» የምትለዋን ቃል ድምጿን አጥፍቷታል።

የቀበና ልጅ፦
ዛሬ ገና ከዜማ ወዳጅ ጋር ተስማማሁ። ቤተሰቡ ሽፋን ነው ያልኩትም ይሄንኑ ነው።

ጠይም፦
ቆይ፣ ሁላችሁም ወንዶቹ ያወሩትን ነው የምታወሩት። ጉናሴካራን እህቱን ያገኛታል እኮ! ከካህኑ በፊት። ባዶ እጁን ስለመጣ አፍሮ፣ እብድ መስሎ ይዞራታል። እሷ ምግብ እየሸጠች ልጇን ታሳድጋለች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ዝም። «ወንድምሽ ነኝ» ብሏት ቢሆን ኖሮ ያ መቅደስ ደጃፍ ባልደረሰች። እህል ስታገኝ ዘመዶቿን ስለምትጠራ ቁራ ይዘፍናል፣ የገዛ እህቱን ግን አይጠራም።

እኔ ያንን ሁሉ ንግግር የምሰማው እንዳፈረ ወንድም ንግግር ነው። ካህኑን የከሰሰበት ግማሹ የራሱ ነው። ሌላው ወንድም ራንጉን ስትደበደብ እግሩን አጥቶ ለማኝ ሆኗል፣ ትልቁ ዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእህቱን ፊት አይለይም። በእውኑም ያኔ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ህንዶች ከበርማ በእግራቸው ነው የሸሹት፤ የ1952ቱ ተመልካች ይሄ ቤት የማን እንደሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ቀበና፣ ቤተሰቡን ሽፋን ነው ብለህ ግለጠውና እስቲ ከሥሩ ምን ይቀርሃል?

የቀበና ልጅ፦
ይሄን አላሰብኩትም። ግን ካሩናኒዲ አስቦበት ነው ትያለሽ?

ጠይም፦
ባያስበውስ? ጽፎታል።

ዜማ ወዳጅ፦
እሺ፣ ይታገድ የሚለውን ከእኔ አንሱልኝ። ካህኑ ላይ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። «ድንጋይ» የምትለዋን ደግሞ እኔም ብሆን እቆርጣት ነበር።

ቡና ቁርስ፦
አከራዬ እሷ ጋ ሲደርሱ ነበር ሽንኩርቱን አስቀምጠው ጮክ የሚሉት።