የጎልያድ ጥሩር ትከሻው ላይ እየተላቀቀ ነው፤ ትርዒቱ እሑድ ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ

የመድረክ_ጓዳ፦ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ትርዒት የጎልያድን ጥሩር፣ ማለትም ደረትና ጀርባ የሚሸፍነውን የጦር ልብስ፣ ከስፖንጅ ሠርተናል። ዛሬ ማታ ልምምድ ላይ ተዋናዩ ጦሩን ሊሰብቅ ክንዱን ሲያነሣ የትከሻው መጋጠሚያ ተላቀቀ። አጣበቅነው፤ እንደገና ተላቀቀ። የብር ቀለሙም ደረቱ ላይ ተሰነጣጥቆ እየረገፈ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም የለም። ምን ላድርግ?

ዘላለም_ቀለም፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይህን ንገረን። ስፖንጁ የፍራሽ ነው ወይስ ጠጣሩ? በምን አጣበቅኸው? ቀለሙስ የዘይት ነው ወይስ የውሃ? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

ጋሽ_ልኬት፦ ችግሩ ከሙጫው በፊት ከልኩ ይጀምራል። አሁን አሁን ሁሉም ሰው ሥራውን በመቁረጥ ይጀምራል። የሚለብሰው ሰው መጀመሪያ አሮጌ ካናቴራ ያደርጋል፤ ደረቱና ጀርባው ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ላስቲክ ይጠቀለላል፤ በላዩ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። የአንገቱ፣ የብብቱ፣ የወገቡና የደረቱ መሐል መስመር በደማቅ እስክሪብቶ ይሰመራል፤ ከዚያ በጎን በኩል ተቆርጦ ከሰውየው ላይ ይወልቃል። ጠፍጣፋ ሆኖ እስኪተኛ ድረስም በመስመሮቹ ላይ ይቆራረጣል። ወደ ካርቶን የሚዛወረው ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ያው ተገልብጦ ይሠራል። ሰውየው የካርቶኑን ለብሶ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ፣ እጁን ሰቅሎ ካልተቸገረ በኋላ ነው ስፖንጅ የሚቆረጠው። ካርቶን ከሱቅ በነጻ ይገኛል። ምላጩም በየጊዜው ይለወጥ፤ የዶለዶመ ምላጭ ስፖንጁን ይቦጫጭቀዋል፣ የተቦጫጨቀ ጠርዝ ደግሞ አይገጥምም።

የመድረክ_ጓዳ፦ ጋሽ ልኬት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለሚቀጥለው ሥራ እይዘዋለሁ። ይህኛው ግን ተቆርጦ፣ ተቀብቶ አልቋል። ዘላለም፣ እኅትህ ነኝ። ስፖንጁ እርስ በርሱ የሚጋጠመው የልጆች ምንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያጣበቅነው አናጢዎች በሚሠሩበት ነጭ ኮላ ነው። ቀለሙ የብረት በር የሚቀባበት የዘይት ቀለም ነው፤ በቀጥታ ስፖንጁ ላይ ቀባነው።

ጫማ_ሰፊው፦ እንግዲህ ታወቀ። ኮላ ለእንጨት ነው፤ እንጨት ይጠጣዋል። ይህ ምንጣፍ ግን ውሃ አያስገባም፤ ስለዚህ ኮላው ላዩ ላይ ደርቆ እንደ ልጣጭ ይነሣል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ምንጣፍ የሚሠራው ኢቪኤ ከሚባለው ጠጣር ስፖንጅ ነው፤ የስፖርት ጫማ ሶልም ከዚሁ ይሠራል፤ እኔ በየቀኑ የማጣብቀው ነው። ማስቲሽ ግዢ። የድሮውን ኮላ ምንም ሳይቀር ላጪው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ አቧራውን ጥረጊ። ማስቲሹን በሁለቱም ጠርዝ ላይ በስሱ ቀቢና ሳታጋጥሚ ተይው። 10 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ በጣትሽ ንኪው፤ ጣትሽ ላይ ካልቀረ ደርሷል። ጠርዙ ጠጥቶት ከደረቀ ድገሚው። ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አጋጥሚ፤ በኃይል ተጫኚ። ሁለቱ ጠርዞች አንዴ ከተነካኩ ማስተካከል ስለማይቻል፣ የሚገናኙበትን ቦታ ቀድመሽ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እርጥቡን ስለሚያጋጥም ነው።

ብሩክ_77፦ ማስቲሽ ተጠቀሚ።

ሶስና_ስፌት፦ ማስቲሽ ነው መፍትሔው። ሁለቱንም ጎን ቀቢ።

የቴአትር_ዕቃ_ክፍል፦ ማስቲሹን አልቃወምም፤ ትከሻው መጣበቁን ግን እቃወማለሁ። ደረትና ጀርባ በትከሻ ላይ አንድ ሆነው ከተጣበቁ፣ ሰውየው ክንዱን ሲሰቅል ስፖንጁ የሚሄድበት የለውም፤ ከሙጫው ላይ ካልተላቀቀ ከጎኑ ይቀደዳል። ሰውነት የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ በማሰሪያ ነው የሚያያዘው። ደረቱንና ጀርባውን በትከሻ በኩል በሰፊ ላስቲክ ወይም በቆዳ ጠፍር አገናኙ፤ በጎን በዘለበት ዝጉት። የትከሻውን ሽፋን ለብቻው ቆርጣችሁ ከላይ አንጠልጥሉት፤ የታችኛው ጫፉ ነጻ ይሁን። ያን ጊዜ ክንዱ ሲነሣ ሽፋኑም አብሮት ይነሣል። ጠፍሩን ላዩ ላይ ለጥፋችሁ አትተዉት። ስፖንጁን ብሱና ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ከውስጥ በኩል ሌላ ቁራጭ ስፖንጅ ደርባችሁ አጣብቁበት።

ከናታንያ፦ እኔ ደግሞ ከሥሩ ልቃወም። ለምን ብር? ለምንስ አንድ ወጥ የሆነ የደረት ሳህን? ይህ የአውሮፓ ባላባት እንጂ ፍልስጥኤማዊ አይደለም። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17ን አንብቢ፤ የራሱ ቁርም፣ ጥሩሩም፣ የእግሩ ገምባሌም የናስ ናቸው። ብረት ነው የተባለው የጦሩ ራስ ነው። በዕብራይስጡ ደግሞ ጥሩሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ታዲያ የተሰነጠቀውን ደረት ለማዳን ለምን ትደክሚያለሽ? 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከሚሆን ስስ ስፖንጅ ቅርፊት ቆርጠሽ፣ ከታችኛው ረድፍ ጀምረሽ ወደ ላይ እየደራረብሽ ለጥፊበት። የተበላሸው ይሸፈናል። እያንዳንዱ ቅርፊት ለብቻው ስለሚንቀሳቀስ ተዋናዩ ሲታጠፍ ቀለሙን የሚሰነጥቀው ነገር አይኖርም።

የመድረክ_ጓዳ፦ በጣም ወደድሁት፤ ግን እስከ እሑድ ያን ሁሉ ቅርፊት ማን ይቆርጣል? ብሩንም የመረጠው አዘጋጃችን ነው።

ሣቅ_በሣቅ፦ ዳዊት ድንጋይ ሳይመርጥ ጎልያድ ትከሻው ወለቀ! ይህን ድል ለመዘምራኑ አካፍሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ የካርቶን ቅርፊትና መቀስ ስጧቸው፣ ሃያ ሃያ ሳይቆርጡ እንዳይወጡ በሩን ዝጉ። ቁሩ ካልተሠራ ደግሞ የቴሌቪዥን ማሸጊያው ነጭ ስፖንጅ በነጻ አለላችሁ።

ጫማ_ሰፊው፦ መዘምራኑን ማሰለፉ ጥሩ ነው። ነጩን ማሸጊያ ግን እንዳትሞክሪው፤ ማስቲሽ ሲነካው ይቀልጣል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ቀለምም ብዙ ጊዜ ያቀልጠዋል።

ዘላለም_ቀለም፦ እኅቴ፣ ይቅርታ። ወደ ቀለሙ ልምጣ። የዘይት ቀለም ደርቆ ይጠነክራል፣ ስፖንጁ ግን ይተጣጠፋል፤ ስለዚህ ከመሰንጠቅ አይድንም። የረገፈውንና ሊረግፍ የተነሣውን ሁሉ ፍቂው። ሳትፍቂው ቅርፊት ብትለጥፊበት ቀለሙ ይዞት ይወርዳል። ለቅርፊቶቹ፣ የሞባይል ጠጋኞች የሚሠሩበት ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ከተገኘ፣ ሳታቆሚ እያንቀሳቀስሽ ላዩን አሙቂው፤ በትንሹ ሲያብረቀርቅ ቀዳዳዎቹ ተዘግተዋልና አቁሚ። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀቱ አይበቃም። ያ ነጭ ኮላሽም አልከሰረም፤ በጥቂት ውሃ አቅጥነሽ በስሱ ቀቢው፣ ሲደርቅ ድገሚው፣ ሠልሺው። ለቀለሙ መሠረት ይሆናል። በላዩ ላይ አክሪሊክ የሚባለው የውሃ ቀለም፦ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ በሙሉ፣ ከዚያ የናስ ቀለም ነክሮ ሊደርቅ በተቃረበ ስፖንጅ የቅርፊቶቹን ጠርዝ ብቻ ዳበስ ዳበስ አድርጊ። በመድረክ መብራት ውስጥ ከብሩ ይልቅ ብረት የሚመስለው ይህ ነው፤ አዘጋጁን አንድ ቅርፊት ቀብተሽ አሳዪው።

ነርሷ፦ ሁላችሁም ያለፋችሁትን ልናገር። የማስቲሽ ትነት ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል። ልጆቹን በተዘጋ ክፍል ሰብስባችሁ እንዳታስቀቡ፤ ውጭ ግቢ ውስጥ ሥሩ። የአቧራ ማስክ ትነትን አያስቀርም። በአቅራቢያው ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይኑር። ሙቅ አየሩንም ማስቲሹ ሳይደርቅ አታስጠጉት። እባክሽ፣ “በሩን ዝጉ” የተባለውን እንደ ቀልድ ብቻ ውሰጂው።

የመድረክ_ጓዳ፦ ማስቲሹ ተገዝቷል፤ ትከሻውን ቆርጠን በላስቲክ እያያዝነው ነው። አሁን ደግሞ ቁሩ ዓይኑ ላይ እየወረደ አስቸገረ፤ ውስጡም በጣም ይሞቃል። ለእሱስ?

የቴአትር_ዕቃ_ክፍል፦ ከውስጥ በኩል በግራና በቀኝ፣ ከኋላም የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጮች ለጥፊ፤ ጭንቅላቱን ይይዙታል እንጂ እንዳያጨንቁት። ከአገጩ በታች ላስቲክ ይኑረው። ለሙቀቱ ከኋላ፣ ተመልካች በማያየው በኩል ቀዳዳዎች ብሱ። ፊት ለፊቱን ግን ወደ ላይ ቁረጡት፤ ድንጋዩ የሚያርፈው ግንባሩ ላይ ነውና ግንባሩ መታየት አለበት። ሌላ ጉዳይ፦ ጎልያድ ከተመታ በኋላ የሚወድቀው በፊቱ ነው። የ1 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ የአንገት ጠርዝ በዚያ አወዳደቅ ጉሮሮን ይመታል። አንገቱን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ልጁ መውደቁን ጥሩሩን ለብሶ ተለማምዶታል?