እትዬን በምን መንገድ ልቅረባቸው?

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል በሲኒየር አካውንታንትነት ከገባሁ አምስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። አምስት ነን። ከመካከላችን ዘጠኝ ዓመት የሠሩ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት አሉ። ለዚህ መደብ ተወዳድረው እንደነበር የሰማሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩን መግለጫ ከእኛ መዝገብ ጋር ማመሳከር) ስሠራ የ4,600 ብር ልዩነት አገኘሁ፤ እትዬ አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ መዝግበው ኖሯል። ወንበሬን ሳብ አድርጌ እንደመንገር በኢሜይል ጻፍኩላቸው፣ አለቃችንንም በግልባጭ አስገባሁ። በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ አሠራሩ እንዲያ ነበር፤ ክፋት አላሰብኩም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ አንድ ትሪ ላይ ገልብጦ ነው የሚበላው። ባለፈው ረቡዕ ሽሮዬን ይዤ ተቀላቀልኩ። እትዬ እጃቸውን ታጥበው መጡ፣ ትሪውን አዩ፣ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ብለው ወጡ። ሌሎቹ አቀረቀሩ። ያ ዝምታ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ቡና ልጋብዝዎት ብላቸው «ሥራ አለብኝ» አሉኝ። ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ እየደረሰ ነው፤ የቆዩትን ፋይሎች የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሒሳቡም በላይ፣ እንደማከብራቸው እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ኢሜይሉ ብቻቸውን አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ ወይስ መጀመሪያ የሚቀርባቸውን ባልደረባ መሃል ላስገባ?